ስለ አሮጌ አውቶሞቢል የክሩስኮት መብራትና ስለ ሽቦው ብልሽት

የእርሻ ጽሕፈት ቤት ሥራ በጠረጴዛና በወንበር ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ምርጥ ዘር ዝናቡ ሳያልፍ ከገበሬው እጅ መድረስ አለበት፤ የከብት ክትባትም በበረዶ ሣጥን እንዳለ ሳይሞቅ ከበረቱ መድረስ አለበት፤ የአንበጣ ወይም የተምች ወሬ በተሰማ ጊዜም ሠራተኛው ሌሊት ቢሆን እንኳ መንገድ መጀመር ይገባዋል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አውቶሞቢል ነው። አውቶሞቢሉም ሁልጊዜ አዲስ አይደለም፤ ከአንዱ ሹም ወደ ሌላው ሹም፥ ከአንዱ ነጂ ወደ ሌላው ነጂ ሲተላለፍ የቈየ፥ ዕድሜው ከሚነዳው ሰው ዕድሜ የሚበልጥም ይገኝበታል።

እንዲህ ያለው አሮጌ አውቶሞቢል በታመመ ጊዜ ሕመሙን አስቀድሞ የሚናገረው በክሩስኮቱ ነው፤ ይኸውም በነጂው ፊት ያለው፥ መቍጠሪያዎችና ትንንሽ መብራቶች የተሰኩበት ሰሌዳ ነው። የሰሌዳው መብራት ራሱ በጠፋ ጊዜ ግን ብዙ ሰው «ትንሽ ነገር ነው፤ ሞተሩ እስከ ሠራ ድረስ ምን ቸገረን» ብሎ ይተወዋል። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ትንሹ መብራት ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ዐይኑን ከጨፈነ በኋላ የሚመጣው ጥፋት ሳይታወቅ ይገባል። ስለዚህ ብልሽቱ በምን ሥርዓት እንደሚፈለግ፥ የጽሕፈት ቤቱ አለቃም በዚህ ነገር ያለው ድርሻ ምን እንደ ሆነ ከዚህ በታች ተገልጧል።

ለምሳሌ ስለ ተመረጠው አውቶሞቢል

የአውቶሞቢል ዐይነት ብዙ ስለ ሆነ ነገሩ እንዲጨበጥ አንዱን ለምሳሌ መውሰድ ይሻላል። ላንድ ሮቨር የተባለው አውቶሞቢል ከመጀመሪያው የታሰበው ለእርሻ ሥራ ነው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ ባለችው በአንግልሲ ደሴት በነበረው የእርሻ ቦታው ከጦርነት በተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይሠራ ነበርና፥ እንዲህ ያለውን መኪና ኩባንያው ራሱ ቢሠራው ለገበሬ ይጠቅማል ብሎ አሰበ። አሳቡም ተፈጽሞ አዲሱ አውቶሞቢል በ1940 ዓ.ም. ሚያዝያ 22 ቀን፥ ማለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 አፕሪል 30 ቀን፥ በአምስተርዳም ትርኢት ለሕዝብ ታየ። ከዚያም እንደዚሁ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሁለተኛው ዐይነት በ1958፥ ሦስተኛው ዐይነት በ1971 ወጣ፤ ሦስተኛውም እስከ 1985 ድረስ ሲሠራ ቈየ።

በጦርነቱ ማግሥት በእንግሊዝ አገር ብረት በልክ ይታደል ስለ ነበር የዚህ አውቶሞቢል ገላ በአሉሚኒየም፥ ተሸካሚው ሻንሲ ግን በብረት ተሠራ። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም ተብሎ ይመሰገናል። ነገር ግን አሉሚኒየምና ብረት በተጋጠሙበት ስፍራ ርጥበት ሲገባ ነጭ ዱቄት የመሰለ ብል ይወጣል፤ ይህም ብል ኤሌክትሪክን ይከለክላል። በዚህ ዐይነት አሮጌ አውቶሞቢል ብዙው የመብራት ችግር ከዚህ እንደሚነሣ ወደ ፊት ይታያል።

ኤሌክትሪክ ስለሚሄድበትና ስለሚመለስበት መንገድ

የመስኖ ውሃ ከምንጩ ወጥቶ በቦዩ ወደ እርሻው ይፈሳል፤ ወደ ምንጩም ባይመለስ ማንም አይጠይቀውም። ኤሌክትሪክ ግን እንዲህ አይደለም፤ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ከሌለው ከመነሻውም አይንቀሳቀስም። ከባትሪው ወጥቶ በቍልፍ፥ በፊውዝና በሽቦ አልፎ ወደ አምፑሉ ይሄዳል፤ አምፑሉን አብርቶ ሲጨርስም በአውቶሞቢሉ ብረት ላይ ተጕዞ ወደ ባትሪው ይመለሳል። የመሄጃው ሽቦ ከዐይን ፊት ስለ ሆነ ሁሉ ያውቀዋል። የመመለሻው መንገድ ግን የመኪናው ገላ ራሱ ስለ ሆነ ማንም አያስበውም፤ ይልቁንም ብልሽቱ ተሸሽጎ የሚቀመጠው በዚያ ነው።

ይህን የመመለሻ ብረት መካኒኮች ከጣልያን ቋንቋ በወሰዱት ስም «ማሳ» ይሉታል፤ ከገበሬው ማሳ ጋር በስም እንጂ በነገር አይገናኝም። በቀደሙት ላንድ ሮቨሮች ከማሳው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ወገን ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1967 ገደማ ወዲህ በተሠሩት ግን ኔጋቲቩ ወገን ነው። ስለዚህ ባትሪ የሚለውጥ ሰው የቀድሞው እንዴት ታስሮ እንደ ነበረ ሳያይ መንቀል አይገባውም።

የሽቦዎቹም ቀለም ትርጕም አለው። በእንግሊዝ ሥርዓት ቡናማው ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ፥ ቍልፉ ቢዘጋም ኀይል የማይለየው ነው። ነጩ ቍልፉ ሲከፈት፥ አረንጓዴው ደግሞ ከቍልፉ በኋላ በፊውዝ አልፎ ኀይል የሚያገኝ ነው። ቀዩ የትንንሾቹ የውጭ መብራቶች፥ በቀይ ላይ ነጭ መስመር ያለበት የሰሌዳው መብራቶች፥ ጥቍሩ ደግሞ ወደ ማሳው የሚመለስ ነው። ይሁን እንጂ በረዥም ዘመን ውስጥ ብዙ መካኒክ በእጁ ያገኘውን ሽቦ ስለሚቀጥል ቀለሙ ምልክት እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ካቻቢቴ፥ አንድ ፒንሳ፥ የብርጭቆ ወረቀት፥ ናስትሮ፥ ትርፍ ፊውዞችና አምፑሎች፥ ደግሞም አንድ መፈተኛ አምፑል ይበቃሉ። መፈተኛው ከባትሪው ኀይል ጋር የሚስማማ የ12 ቮልት ትንሽ አምፑል ሁለት ሽቦ ታስሮለት የሚዘጋጅ ነው፤ አንዱ ሽቦ ንጹሕ በሆነ የመኪናው ብረት ላይ ይያዛል፤ ሁለተኛው የሚመረመረውን ስፍራ ይነካል። አምፑሉ ከበራ ኤሌክትሪኩ እስከዚያ ስፍራ ደርሷል ማለት ነው፤ ካልበራ ከዚያ በፊት ተቋርጧል ማለት ነው።

በሰሌዳው ኋላ እጅ ከመግባቱ፥ ሽቦም ከመፈታቱ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀል። ሲነቀል አስቀድሞ በማሳው በኩል ያለው ይፈታል፤ ሲታሰርም እርሱ በመጨረሻ ይታሰራል። ይህ ተራ ከተለወጠ መፍቻው ገላውን ነክቶ ታላቅ የእሳት ፍንጣቂ ይወጣል። ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል አየር ስለሚያወጣም በአጠገቡ ክብሪት መጫር ሲጋራም ማጨስ ክልክል ነው። በመፈተኛው አምፑል ለመመርመር ባትሪው ተመልሶ ይታሰራል፤ በዚያን ጊዜ ግን የብረት ዕቃ ሽቦዎቹን እንዳያገናኝ መጠንቀቅ ይገባል።

ብልሽቱን በተራ ስለ መፈለግ

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ መብራት ጠፋ ሲባል ወዲያው ሰሌዳውን ነቅሎ ሽቦውን ሁሉ የሚጐትት ሰው አንዱን ብልሽት ሦስት ያደርገዋል። ብልሽቱ የሚገኘው አስቀድሞ በማየትና በመጠየቅ፥ ቀጥሎም በተራ በመፈተን ነው።

አንደኛ፤ ከሰሌዳው መብራቶች አንዱ ብቻ ጠፍቶ ሌሎቹ ቢበሩ ኀይሉ እስከ ሰሌዳው ደርሷል ማለት ነው። ችግሩ በአምፑሉ፥ በማቀፊያው ወይም ወደ እርሱ በሚሄደው አጭር ሽቦ ነው። አምፑሉን በሚበራው ስፍራ ሰክቶ ማየት ይበቃል። እዚያ ከበራ ጥፋቱ የማቀፊያው ነው፤ ማቀፊያውም በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ይጠበቅ።

ሁለተኛ፤ የሰሌዳው መብራቶች ሁሉ በአንድነት ቢጠፉ ሁሉም አምፑሎች በአንድ ቀን ተቃጠሉ ማለት የማይመስል ነገር ነው። ሁሉን የሚያገናኝ አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ እርሱም ፊውዝ ወይም ማብሪያ ወይም ዋናው ሽቦ ወይም ማሳው ነው። ከመኪናው ወርዶ የኋላውን መብራት ማየት ይገባል፤ የሰሌዳው መብራት ኀይሉን የሚያገኘው ከትንንሾቹ የውጭ መብራቶች ጋር ነውና። የኋላውም ከጠፋ ብልሽቱ ወደ ባትሪው ወገን፥ ማለት በዋናው ማብሪያ ወይም ከእርሱ በፊት ይፈለግ። የኋላው በርቶ የሰሌዳው ብቻ ከጠፋ ግን በሰሌዳው ማብሪያና በሰሌዳው መካከል ይፈለግ። በዚህ በአንድ እይታ የፍለጋው ስፍራ በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፤ መብራቱ ሳይጠፋ ቢደክም ወይም በኮረኮንች መንገድ ላይ ብልጭ ድርግም ቢል የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ አለ። ባትሪው ደህና መሆኑ ከታወቀ በኋላ የየማቀፊያውና የማሳው መጋጠሚያ ሁሉ ተፈትቶ፥ ብሉ ተጠርጎ፥ ተመልሶ ይጠበቅ።

አራተኛ፤ አንዳንድ ጊዜ ነጂውን የሚያስደነግጥ ነገር ይታያል። የመታጠፊያው ምልክት ሲበራ የሰሌዳው መብራት አብሮ ይርገበገባል፤ ወይም አንዱ ማብሪያ ሲከፈት የማይመለከተው ሌላ መብራት ፈዞ ይበራል። ይህ የማሳ መበላሸት ምልክት ነው። ኤሌክትሪኩ የመመለሻው በር ስለ ተዘጋበት በሌላው አምፑል በኩል እየዞረ መውጫ ይፈልጋል። ለመፈተን አንድ ትርፍ ሽቦ ከሰሌዳው የብረት ገላ ወይም ከጥቍሩ ሽቦ ወስዶ ከባትሪው የማሳ ወገን ጋር ለጥቂት ጊዜ ማገናኘት ነው። ሁሉ ወዲያው ከተስተካከለ በሽታው ታውቋል፤ ጥቍሩ ሽቦ ከገላው፥ ገላው ከሻንሲው፥ ሻንሲውም ከባትሪው የሚገናኝበት ሁሉ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ተጠርጎ ይታሰር። መለኪያ ያለው ሠራተኛም መብራቱ እንደ በራ በሰሌዳው ማሳና በባትሪው የማሳ ጫፍ መካከል ይለካ። ደህና ከሆነ ከግማሽ ቮልት በታች እጅግ ጥቂት ያሳያል፤ ከዚያ ከበለጠ መንገዱ ታጕሏል።

አምስተኛ፤ ፊውዙ ከተቃጠለ ምክንያቱን ሳይፈልጉ ሌላ መተካት ከንቱ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ይጠቅማል። የሰሌዳው ትንሽ አምፑል 2.2 ዋት ነው፤ ይህ በ12 ቮልት ሲካፈል 0.18 አምፔር ያህል ይሆናል። አምስት አምፑሎች በአንድነት ቢበሩ እንኳ 1 አምፔር አይሞሉም። የእነዚህ አውቶሞቢሎች ፊውዝ ደግሞ 35 አምፔር የሚችል ነው። እንግዲህ አምፑሎቹ ይህን ፊውዝ ሊያቃጥሉት አይችሉም። ፊውዙን ያቃጠለው ልባሱ ተፍቆ ገላውን የነካ ሽቦ ነው። ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ ነጂው ክፍል በሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው የጐማ ቀለበት ደርቆ ከወደቀ ብረቱ እንደ ቢላዋ ሽቦውን ይቈርጠዋል፤ ፍለጋውም ከዚያ ይጀመር። አውቶሞቢሉ በእህል ጐተራ አጠገብ የሚያድር ከሆነ ደግሞ አይጥ የሽቦውን ልባስ እንደምትበላ መዘንጋት አይገባም። በሰሌዳው ኋላ የአይጥ ኵስና የተቈራረጠ ጨርቅ ከተገኘ ሌባዋ ታውቃለች።

ስለ ሁለቱ ዘበኞች

እስካሁን የተነገረው በሌሊት መቍጠሪያውን ስለሚያሳየው መብራት ነው። ከእርሱ የሚበልጡ ሁለት መብራቶች አሉ፤ አንዱ የባትሪው መሙያ ምልክት፥ ሁለተኛው የሞተሩ ዘይት ምልክት ነው። እነዚህ ቍልፉ ሲከፈት መብራት፥ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለባቸው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ቢበሩ አደጋ ነው፤ ቍልፉ ሲከፈት ባይበሩም አደጋ ነው። ሁለተኛውን አደጋ ግን የሚያስተውል ጥቂት ሰው ነው፤ የማይበራ መብራት ደህንነት ይመስላልና።

የመሙያው ምልክት አንዱ ወገኑ ከባትሪው፥ ሌላው ወገኑ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ዲናሞ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለት እኩል ጕልበት ያላቸው ሰዎች ገመድ ሲሳሳቡ ገመዱ ወደ ማንም እንደማይሄድ፥ ዲናሞውም በሠራ ጊዜ በሁለቱ ወገን ያለው ኀይል እኩል ስለሚሆን መብራቱ ይጠፋል። ሞተሩ እየሠራ ከበራ ግን ዲናሞው አያመነጭም፤ ምናልባትም ቺንጋው ተበጥሷል። በላንድ ሮቨር የቤንዚን ሞተር ይኸው ቺንጋ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፖምፕ ስለሚያዞር፥ ቺንጋው ተበጥሶ መንገድ የቀጠለ ነጂ ባትሪውን ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም ያቃጥላል።

በዲናሞ ፈንታ አልተርኔተር በተተከለባቸው በኋለኞቹ አውቶሞቢሎች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አልተርኔተሩ ሥራውን ለመጀመር የሚቀሰቅሰው ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በዚህች ትንሽ አምፑል ነው። አምፑሏ ከተቃጠለች አልተርኔተሩ ደህና ሳለ ላያመነጭ ይችላል። ርካሽ አምፑል ያልተለወጠለት ጽሕፈት ቤት «አልተርኔተሩ ሞቷል» ተብሎ ብዙ ገንዘብ ሊያወጣ ይችላል። ኤል ኢ ዲ የተባለው የዛሬ ዘመን አምፑልም የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ በዚህች ስፍራ ቢተካ ይህንኑ ችግር ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ በመሙያው ምልክት ስፍራ የቀድሞው ዐይነት አምፑል ይሰካ።

የዘይቱ ምልክት ሥራው ቀላል ነው። በሞተሩ ላይ የተሰካች ትንሽ ማብሪያ የዘይቱ ግፊት ሲያንስ ሽቦውን ከማሳው ታገናኛለች፤ መብራቱም ይበራል። ቍልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ መብራቱ ካልበራ ሽቦውን ከማብሪያዋ ነቅሎ የሞተሩን ብረት ማስነካት ነው። ያን ጊዜ ከበራ አምፑሉና ሽቦው ደህና ናቸው፤ ማብሪያዋ ትለወጥ። ካልበራ አምፑሉ ወይም ሽቦው ይመርመር። ሞተሩ እየሠራ መብራቱ ከበራ ግን ሽቦውን ለመመርመር ጊዜ የለም፤ ሞተሩ በዚያው ስፍራ ይጥፋ፥ የዘይቱም ልክ ይታይ። በወንጌል የተነገሩት ዐሥሩ ደናግል ሁሉም መብራት ነበራቸው፤ አምስቱን ያሳፈራቸው የዘይት ማለቅ ነው። ዘይት ያጣ ሞተርም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነክሳል፤ የሞተሩም ዋጋ ከዘይቱ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ከቶ መደረግ የማይገባው

በተቃጠለ ፊውዝ ፈንታ ሚስማር፥ ወፍራም ሽቦ ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ማድረግ አይገባም። ፊውዝ የተሠራው እርሱ ተቃጥሎ ሌላውን እንዲያድን ነው። እርሱን የማይቃጠል ያደረገ ሰው ሽቦው እንዲቃጠል ፈርዷል፤ ሽቦውም የሚቃጠለው በነጂው ጕልበት ፊት፥ ከቤንዚንም ሳይርቅ ነው።

ሽቦ ከሽቦ በጣት ጠምዝዞ መተው አይገባም፤ በብየዳ ወይም በማያያዣ ተጣብቆ በናስትሮ ይሸፈን። መብራቱ ይድመቅ ተብሎም ከልኩ የበለጠ አምፑል አይሰካ፤ ሙቀቱ ማቀፊያውን ያቀልጣልና። ከሁሉ የከፋው ግን የማስጠንቀቂያውን መብራት «አስቸገረኝ» ብሎ ሽቦውን መቍረጥ ነው። ይህ ሌባ መጣ ብሎ የሚጮኸውን ውሻ እንደ መግደል ነው።

ስለ አለቃው ድርሻ

እዚህ ላይ ነገሩ ከመካኒኩ እጅ ወጥቶ ወደ ሹሙ ይመጣል። ነጂው ሽቦ የሚቈርጠው ስለ ምን ነው? ሁልጊዜ ከስንፍና አይደለም። «መብራት በርቷል» ብሎ ባመለከተ ጊዜ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ተብሎ የተገሠጸ ወይም ከደመወዙ እንዲከፍል የተጠየቀ ነጂ ሁለተኛ አያመለክትም። መብራቱን ይሸሽጋል፤ ሞተሩም እስኪነክስ ድረስ ሁሉ ዝም ይላል። በዚያን ጊዜ ዘሩ በመጋዘን ሆኖ ዝናቡ ያልፋል፤ ክትባቱም በመንገድ ላይ ይሞቃል። እንግዲህ የሹሙ ቍጣ ከዛገ ማሳ ይልቅ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ አለቃው ጥቂት ነገር ቢያደርግ ይበቃዋል። ነጂው በየጧቱ ቍልፉን ከፍቶ ሁለቱ ዘበኞች መብራታቸውን፥ ሞተሩ ሲነሣም መጥፋታቸውን አይቶ በመዝገብ ይጻፍ፤ ይህ ሥራ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። በአውቶሞቢሉ ውስጥ ትርፍ አምፑልና በልኩ የሆነ ፊውዝ፥ ናስትሮ፥ ጥቂት ሽቦና መፈተኛ አምፑል ያለበት ሣጥን ይቀመጥ። መካኒክ ሽቦ ሲፈታ ከመፍታቱ በፊት እያንዳንዱን በወረቀት ምልክት ይሰርበት፤ የለወጠውንም ሽቦ ቀለምና ስፍራ በመዝገቡ ይጻፍ። ዛሬ በየሰው እጅ ያለው ተንቀሳቃሽ ስልክ ሥዕል ስለሚያነሣ ከመፍታት በፊት ሥዕሉን ማንሣትም ታላቅ ርዳታ ነው። ብልሽትን ቀድሞ ያመለከተ ነጂም ይመስገን እንጂ አይወቀስ።

«ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» የተባለው ምሳሌ ለዚህ ሥራ ይስማማል። የዛገ መጋጠሚያ በጧት በግማሽ ሰዓት ይጠረጋል፤ ያው መጋጠሚያ ቸል ከተባለ በሌሊት፥ ከመንደር በራቀ ስፍራ፥ ክትባት ተጭኖ ሳለ መኪናውን ሊያቆም ይችላል። የጽሕፈት ቤት አለቃም መዝገቡን መርምሮ መፈረም ሲጨርስ ወደ ግቢው ወጥቶ ነጂው ቍልፉን ሲከፍት ሁለቱ መብራቶች መብራታቸውን በዐይኑ ቢያይ፥ ለገበሬው የተላከውን ዘርና ክትባት ከግማሽ መንገድ መቅረት ይጠብቃል።